ወርቁ ሳይሆን አሰላለፉ

ወባ በኢትዮጵያ የራሱ ቀጠሮ ያለው በሽታ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጠራቀም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይበረታል፤ በበጋው ጋብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ድሬ ዳዋ ላይ ቀጠሮውን አፈረሰ። በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ሕሙማን የተመዘገቡባት ከተማ በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሕሙማን ቆጠረች፤ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ እንኳ አልተረፈም። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችውን ከእስያ የመጣች ትንኝ ነበር። በአፍሪካ መጀመሪያ በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ይህች ትንኝ ረግረግ አያስፈልጋትም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ቦታ የውኃ ጉድጓድ ይበቃታል። ስለ ትንኟ ብዙ ተብሏል፣ ተጽፏልም። በዚያ ሰሞን በሽታው ያለበትን ከሌለበት ስትለይ ስለነበረችው ቀጭን ቀይ መስመር ግን ብዙም አልተነገረም። በፈጣን መመርመሪያው ላይ ብቅ የምትለው ያቺ መስመር የተሠራችው ከወርቅ ነው።

የጤና ባለሙያዎች አርዲቲ የሚሉት ይህ መመርመሪያ ሲታይ በፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ የተጋደመ ቁራጭ ወረቀት ነው። ከጣት የተወሰደ 5 ማይክሮሊትር ገደማ ደም በአንዱ ጫፍ ላይ ይደረጋል፤ ጥቂት ጠብታ ማቅለያ ፈሳሽ ይከተላል። ፈሳሹ በወረቀቱ እየተሳበ ሲሄድ መንገድ ላይ ደርቀው የተቀመጡ፣ በአንቲቦዲ የተለበጡ የወርቅ ቅንጣቶችን ያስነሣና ይዟቸው ይጓዛል። በደሙ ውስጥ የወባ ተህዋሲው የሚያመነጨው ፕሮቲን ካለ፣ ቅንጣቶቹን የለበጠው አንቲቦዲ ፕሮቲኑን አንቆ ይይዘዋል። ወደፊት ናይትሮሴሉሎስ በተባለው ስስ ገጽ ላይ ሌላ አንቲቦዲ በቀጭን መስመር ተሰምሮ ይጠብቃል፤ እሱም ያንኑ ፕሮቲን በሌላ ወገኑ ያዝ ያደርገዋል። በዚህ ዓይነት ወርቁ እዚያው መስመሩ ላይ ተጠምዶ ይቀራል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜም ዓይን የሚያየው ቀይ መስመር ይወጣል። ሕመምተኛው ወባ ከሌለበት ፕሮቲኑ ስለማይኖር ወርቁ ያልፋል፤ መመርመሪያው መሥራቱን የምታረጋግጠው ሌላኛዋ መስመር ብቻ ትቀላለች። በሳይንሱ ዓለም የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶችን ንድፍ ባለው ገጽ ላይ መደርደር የሚባለውና የረቀቀ የሚመስለው ሥራ፣ ቀለል ባለ መልኩ በየጤና ኬላው ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ይከናወናል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፦ የእንዲህ ዓይነት ቁስ ጉልበት ከወርቁ ይልቅ በወርቁ አሰላለፍ ላይ ነው፤ ወባ መመርመሪያውን ማምለጥ በጀመረበት በዚህ ጊዜ ደግሞ የአሰላለፍ ጥበብ የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

መጀመሪያ መጠኑን እናስተውል። ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በመመርመሪያው ላይ ያሉት ቅንጣቶች ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር ነው። ባለ 40 ናኖሜትሯን ብንወስድ በውስጧ 2 ሚሊዮን ገደማ የወርቅ አተሞች አሉ፤ አንድ ግራም ወርቅ በዚህ ልክ ቢከፋፈል 1,500 ትሪሊዮን ያህል ቅንጣት ይወጣዋል። በአንድ መመርመሪያ ላይ ያለው ወርቅ ዋጋው ከማቀፊያው ፕላስቲክ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም። በቀለበት ላይ ቢጫ የሆነው ወርቅ በዚህ መጠን ሲቀላ ሌላ ማዕድን ሆኖ አይደለም። ብርሃን ሲያርፍበት በቅንጣቷ ውስጥ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች በአንድነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ ይህን የጋራ ውዝዋዜ የፊዚክስ ሰዎች ፕላዝሞን ይሉታል። ውዝዋዜው ከሁሉ በላይ የሚበረታው በተወሰነ የሞገድ ርዝመት ላይ ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ ላለች የዚህ ልክ የወርቅ ቅንጣት 520 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አረንጓዴው ብርሃን ነው። አረንጓዴው ሲዋጥ ለዓይናችን የሚተርፈው ቀይ ይሆናል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ይህን በሒሳብ ያስቀመጠው በ1908 ነው። በተግባር ግን በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የሮም መስታወት ሠሪዎች ሳያውቁት ደርሰውበታል፤ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሊኩርጉስ ዋንጫ ከፊት ለፊት ሲበራበት አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራ ቀይ የሚሆነው በመስታወቱ ውስጥ ባሉ የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች ምክንያት ነው።

አሰላለፍ ከወርቁ እንደሚበልጥ ያሳየ ጥንታዊ ማስረጃ ደግሞ የማይክል ፋራዳይ ነው። ፋራዳይ በ1857 በለንደን ባቀረበው ጥናት ወርቅን በፈሳሽ ውስጥ እጅግ አድቅቆ ቀይ ውኃ ሠራ፤ ጠርሙሶቹ ዛሬም በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠዋል። በዚያ ቀይ ፈሳሽ ላይ ጨው ሲጨምርበት ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ምክንያቱን ዛሬ በግልጽ እናውቀዋለን። ቅንጣቶቹ ገጻቸው ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ሙል እየተገፋፉ ተራርቀው ይኖራሉ፤ ጨው ይህን መገፋፋት ያዳክመዋል፤ ቅንጣቶቹም ተቀራርበው ይጣበቃሉ። ሁለት ቅንጣቶች ሲቀራረቡ የአንዷ ኤሌክትሮኖች ውዝዋዜ የሌላዋን ይነካል፤ አብረው መወዛወዝ ሲጀምሩም የሚውጡት ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል፣ የሚተርፈው ሰማያዊ ይሆናል። በዚህ ሙከራ ውስጥ የተጨመረ ወርቅ የለም፣ የተቀነሰም የለም፤ የተለወጠው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው። ይህ መስተጋብር ከርቀት ጋር በጣም በፍጥነት ይሞታል፤ ክፍተቱ የቅንጣቷን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል በጨመረ ቁጥር ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ለባለ 40 ናኖሜትር ቅንጣት ይህ ልኬት 8 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ ጥቂት ናኖሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት በሁለት የተለያዩ ቁሶች መካከል ያለ ልዩነት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መመርመሪያው ቀይ መስመር እንመለስ። መስመሩ ንድፍ አለው፤ ንድፉ ግን ሻካራ ነው። የአንቲቦዲው ጭረት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ቅንጣቶቹ እንደደረሱ ይጠመዳሉ እንጂ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚወስን ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዷ ቅንጣት የምትሠራው ለብቻዋ ነው፤ መስመሩ የሚታየውም ብዙዎች ስለተከማቹ ብቻ ነው። ጥቂት ከተጠመዱ መስመሩ ይደበዝዛል፤ በጣም ጥቂት ከሆኑ ዓይን አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያዎችን ሲመዝን በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 200 ተህዋሲ ሲኖር ማወቅ መቻላቸውን የሚፈትሸው ለዚህ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ጎበዝ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ ከመመርመሪያው የተሻለ ሊያይ ይችላል። ይህ ድክመት ለዓመታት ብዙም አላስቸገረም፤ ምክንያቱም መመርመሪያዎቹ የሚያጠምዱት ፕሮቲን ለጋስ ነበር። ኤች አር ፒ 2 የተባለው ይህ ፕሮቲን ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ተህዋሲ የተያዘ ሰው ደም ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በላዩም ተመሳሳይ ክፍሎች ስለሚደጋገሙበት አንድ ሞለኪውል ብዙ አንቲቦዲ ሊይዝ ይችላል። ጠላት በብዛት ሲመጣ ሻካራ ወጥመድም ይበቃል።

አሁን ግን ጠላት መልኩን ቀይሯል። በአፍሪካ ቀንድ ኤች አር ፒ 2ን የሚያመነጨው ጂን የጎደለባቸው የፋልሲፓረም ዝርያዎች እየተስፋፉ ነው። ኤርትራ በ2016 ነገሩን ደርሳበት መመርመሪያዋን ለመቀየር ተገዳለች። በኢትዮጵያ በ2017 እና 2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ከ12,500 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት በዚህ ጉድለት ምክንያት ብቻ መመርመሪያው 9.7 በመቶ ያህል የፋልሲፓረም ሕሙማንን እንደሚያመልጥ ገመተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ እንዲቀየር የሚመክረው ይህ አኃዝ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ስለ ድሬ ዳዋው ወረርሽኝ በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣው ጥናትም በከተማዋ የተገኙት ተህዋስያን ይህን የጂን ጉድለትና መድኃኒትን ከመላመድ ጋር የሚያያዝ ለውጥ ይዘው መገኘታቸውን አመለከተ። የሚቀረው መንገድ ወደ ሌላ ፕሮቲን ማተኮር ነው፤ ዋናው እጩ ፒ ኤል ዲ ኤች የተባለው፣ ተህዋሲው ያለሱ ሊኖር የማይችለው ኢንዛይም ነው። ሊጥለው ስለማይችል ማምለጫ የለውም፤ መልካም ጎኑ ይህ ነው። ችግሩ መጠኑ ከኤች አር ፒ 2 ያነሰ መሆኑና ተደጋጋሚ መያዣም የሌለው መሆኑ ነው። በእሱ ላይ የተመሠረቱ መመርመሪያዎች በጥቅሉ ደብዛዛ መስመር የሚያወጡትና ዝቅተኛ የተህዋሲ መጠን የሚያመልጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ወርቅ የሚያጠምደው ፕሮቲን ሲጠፋ ጥቂት ወርቅ ብቻ የሚያጠምደው ይተካል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቅንጣት የምታወጣውን ምልክት ማጉላት ግድ ይላል።

እዚህ ላይ ነው የአሰላለፍ ጉዳይ ወደ ፊት የሚመጣው። ሁለት የወርቅ ወይም የብር ቅንጣቶች በጥቂት ናኖሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀለማቸው ከመቀየሩ በላይ፣ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ብርሃን እጅግ ይጠነክራል። በዚያ ክፍተት የገባ ሞለኪውል የሚረጨው ብርሃንም በዚያው ልክ ይጎላል። ነገሩ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። በ1974 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን የነበሩ ኬሚስቶች በሻከረ የብር ገጽ ላይ ያስቀመጡት ሞለኪውል ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ ምልክት ሰጣቸው፤ በ1977 አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ቫን ዳይን ከተባባሪው ጋር ሲለካው ጭማሪው ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰማ ሁሉ የሕክምና ምርመራ የሚለወጥበት ዘመን የደረሰ መስሎት ነበር፤ ግን አልደረሰም። ገጹ የሻከረው በዘፈቀደ ስለነበር አንዱ ቦታ ላይ ምልክቱ ይጮኻል፣ አጠገቡ ያለው ቦታ ዝም ይላል፤ ዛሬ የተሠራው ገጽ ነገ ከሚሠራው አይመሳሰልም። ታዲያ ከወርቁም ከብሩም የጎደለ አልነበረም፤ የጎደለው ክፍተቱን ደጋግሞ በአንድ ልክ የማስቀመጥ ችሎታ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የዚህ ዘርፍ ታሪክ በአብዛኛው ይህን ችሎታ የመፈለግ ታሪክ ነው።

ፍለጋው በሁለት መንገድ ሄደ። አንደኛው ከላይ ወደ ታች የሚሠራው ነው፦ በኤሌክትሮን ጨረር ገጹን እየጻፉ እያንዳንዱን ነጥብ መቅረጽ። በ2012 የሲንጋፖር ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ብርና ወርቅ የተቀቡ ጥቃቅን ምሰሶዎችን ደርድረው፣ ያለ ምንም ቀለም በአንድ ኢንች ውስጥ 100,000 ነጥብ የሚይዝ ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል ሠሩ፤ ከዚህ በላይ ቢደቅ ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ነጥቦቹን ለይቶ አያያቸውም። ውጤቱ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ጨረሩ ነጥብ በነጥብ ስለሚሠራ አዝጋሚና ውድ ነው፤ በሚሊዮን ለሚቆጠር መመርመሪያም አይሆንም። ሁለተኛው መንገድ ቅንጣቶቹን በፈሳሽ ውስጥ በኬሚስትሪ ሠርቶ፣ ወደ ቦታቸው በራሳቸው እንዲሄዱ ማድረግ ነው። ቅንጣቶቹን መሥራት አይከብድም፤ ከ1951 ጀምሮ በሚታወቀው የተርኬቪች ዘዴ የወርቅ ጨውን በፈላ ውኃ ውስጥ ከሲትሬት ጋር ማዋሃድ ይበቃል፤ ሐመር ቢጫው ፈሳሽ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል። የሚከብደው ወደ ቦታቸው መምራቱ ነው።

ለዚህ ምሪት የተገኘው ረዳት ድሬ ዳዋም ሐረርም በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ቡና ሲደርቅ መሐሉ ፈዝዞ ዳሩ ላይ ጥቁር ቀለበት ይተዋል። በ1997 የቺካጎ ተመራማሪዎች እንዳብራሩት የጠብታው ዳር ገጹ ላይ ተቸክሎ ስለሚቆም፣ በዳሩ የሚተነውን ውኃ ለመተካት ከመሐል ወደ ዳር ፈሳሽ ይጎርፋል፤ ጎርፉም የቡናውን ቅንጣቶች ይዞ ዳር ላይ ይከምራቸዋል። የወርቅ ቅንጣቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በካፒላሪ ዘዴ ቅንጣቶችን የሚደረድሩ ሰዎች ይህን የተፈጥሮ ጎርፍ ለሥራቸው አዋሉት። ጥቃቅን ጉድጓዶች የተቀረጹበት ገጽ ላይ የወርቁ ፈሳሽ ይደረግና ዳሩ በዝግታ፣ በሰከንድ በማይክሮሜትር ልክ፣ በገጹ ላይ ይጎተታል። ትነቱ ቅንጣቶቹን ወደ ዳሩ ያመጣቸዋል፤ የፈሳሹ ዳር በጉድጓዱ ላይ ሲያልፍ ቅንጣቷን ተጭኖ ያስገባታል፤ ጉድጓዱ የሚበቃው ለአንድ ከሆነ አንድ ብቻ ይገባል፣ ለሁለት ከሆነ ሁለት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በ2007 በዙሪክ የአይ ቢ ኤም ቤተ ሙከራና የኢ ቲ ኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ 20,000 ገደማ ባለ 60 ናኖሜትር የወርቅ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ አሰልፈው፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ፍለድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሣለውን የፀሐይ ምስል አተሙ። ፀሐይ በጥንቶቹ አልኬሚስቶች ዘንድ የወርቅ ምልክት ነበረች። የገጹ ቅርጽ አንድ ጊዜ በውድ መሣሪያ ከተሠራ በኋላ በሲሊኮን ጎማ እየተገለበጠ ብዙ ጊዜ መባዛት መቻሉ ደግሞ የዚህ መንገድ ትልቁ ብርታት ነው።

እንዲህ የተሰለፈ ገጽ ለወባ ምን ይፈይዳል? ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንዷ ቅንጣት አስቀድማ በገጹ ላይ በቋሚ ቦታ ትቀመጣለች፤ ፒ ኤል ዲ ኤች ከደሙ ሲመጣ ሁለተኛዋን ቅንጣት ይዞ ከመጀመሪያዋ አጠገብ ያቆማታል፤ የሁለቱ መቀራረብ ቀለሙን ይቀይራል ወይም በክፍተቱ ያለውን ምልክት ያጎላል። ያኔ የሚነበበው የተከመረ ወርቅ መደብዘዝና መድመቅ መሆኑ ይቀርና የእያንዳንዱ ጥንድ ለውጥ ይሆናል። ጠንቃቃ አንባቢ ግን እዚህ ላይ አንድ ስሌት ይጠይቃል፦ አንቲቦዲ ራሱ ከ10 ናኖሜትር በላይ ይሰፋል፤ ሁለት አንቲቦዲና አንድ ፕሮቲን በመካከል ሲገቡ ክፍተቱ ከላይ ካየነው የ8 ናኖሜትር ልኬት ብዙ ይርቃል፤ መስተጋብሩም ይሞታል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ብዙ የቤተ ሙከራ ተስፋ የተሰናከለውም በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። መልሱ ትልልቅ ቅንጣቶችን መጠቀም፣ ወይም በአንቲቦዲ ፋንታ አጫጭር የዲ ኤን ኤ ክሮችን ማስገባት ነው። በ2013 የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወባን ፒ ኤል ዲ ኤች ከሰው ተመሳሳይ ኢንዛይም ለይቶ የሚይዝ አንድ እንዲህ ያለ ክር እንዴት እንደሚጨብጠው በዝርዝር አሳይተዋል። ዲ ኤን ኤ የወርቅ ቅንጣቶችን በታቀደ ርቀት ማሰር እንደሚችል ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ቻድ ሚርኪንና ፖል አሊቪሳቶስ በየፊናቸው የመሯቸው ሁለት ቡድኖች በዚያው ዓመት አሳይተውታል። ችግሩም መፍትሔውም የርቀት ጉዳይ መሆኑ የዚህን ጽሑፍ መከራከሪያ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ ግን ከፊዚክስ አይመጣም። ድሬ ዳዋ የሚያስፈልጋት የማይቋረጥ የቧንቧ ውኃ ነው፤ ውኃ በየዕለቱ ቢመጣ ሰው በርሜልና ሮቶ ባልሞላ፣ ትንኟም መራቢያ ባላገኘች ነበር፤ አጎበርና ክዳን ሳይሟላ ስለ ናኖሜትር ማውራት ከሕዝቡ ችግር መሸሽ ነው ይላል ተቃውሞው። የመጀመሪያው ግማሽ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ምንም ዓይነት የወርቅ አሰላለፍ ትንኝ አይገድልም፤ የውኃ መሐንዲስ ከናኖ ሳይንስ ሊቅ በላይ ብዙ ወባ ሊከላከል ይችላል። ሁለተኛው ግማሽ ግን መከላከልና ማወቅን እርስ በርስ ያጋጫል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከእነዚህ እያንዳንዱ መድኃኒት ያገኘው መጀመሪያ የሆነ ነገር ወባ ነው ስላለው ነው። መመርመሪያው ያመለጠው ሰው ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ደሙን የምትቀዳው ትንኝም ያንኑ መመርመሪያ የሚያመልጠውን ዝርያ ወደ ጎረቤቱ ታደርሳለች። በሌላ አባባል ደካማ መመርመሪያ ሕመምተኛውን ከመጉዳቱ በላይ ተህዋሲው ለመደበቅ የሚያግዘውን ለውጥ መርጦ ያበዛለታል። ክዳን የሌለው በርሜልና የማያይ መመርመሪያ አንዱን ወረርሽኝ ከሁለት ወገን ይመግቡታል፤ ስለዚህ አንዱን ማስተካከል ሌላውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው። የቤተ ሙከራ ውጤት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያምራል፤ ደም ግን ከምንፈልገው ፕሮቲን እጅግ የሚበልጥ ሌላ ፕሮቲን አለበት፣ እሱም ያለ ጥሪ መጥቶ ወርቁ ላይ ይለጠፋል። ሙቀቱም አለ፤ አንቲቦዲ በሙቀትና በእርጥበት ይዳከማል፣ የዛሬዎቹ መመርመሪያዎች ከእርጥበት መከላከያ ጋር በታሸገ ከረጢት የሚመጡትም ለዚህ ነው። ብር ምንም ያህል ብሩህ ምልክት ቢሰጥ በአየር ውስጥ ባለ ድኝ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ወርቅ ላይ መቆየቱ ይበጃል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ የሚያስተምሩትም ተስፋን መተው ሳይሆን መመዘኛን ማጥበቅ ነው። ቅንጣቶቹ የተሰለፉበት ገጽ በሙሉ ደም ላይ ተፈትኖ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ወራት ቆይቶ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅና ከተቻለ በስልክ ካሜራ ተነብቦ፣ ከዛሬው የፒ ኤል ዲ ኤች መመርመሪያ ያነሰ ተህዋሲ ማየት ካልቻለ የቤተ ሙከራ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህን መመዘኛ ቀድሞ ማስቀመጥ የሚችለው ደግሞ በሽታው ደጁ ያለው አገር ነው። የሲንጋፖር ወይም የዙሪክ ባለሙያ የሚሠራበትን ገጽ ያውቃል፤ በድሬ ዳዋ ደም ውስጥ የትኛው ዝርያ እንደሚዘዋወር ግን የሚያውቀው ናሙናውን የሰበሰበው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የአቅም ነው፦ ይህ ሁሉ አቧራ የማይገባበት ክፍልና የኤሌክትሮን ጨረር የሚጠይቅ ስለሆነ ለእኛ አይሆንም የሚለው። እዚህ ላይ ሥራውን በየደረጃው መከፋፈል ይገባል። ቅንጣቶቹን መሥራት የሙቀት ምድጃ፣ የወርቅ ጨውና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ይህ በማንኛውም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሚቻል ነው። ስሌቱም ለአገር ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ምሁራን የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶች በሌላ ቁስ ውስጥ ሲሰገሰጉ ብርሃንን እንዴት እንደሚያጎሉ የሚያሰሉ ጥናቶችን ለዓመታት አሳትመዋል። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ናኖ ቴክኖሎጂን ከልሕቀት ማዕከሎቹ አንዱ አድርጎታል። ውድ መሣሪያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ቅርጽ ለማውጣት ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ውጭ ተሠርቶ በሲሊኮን ጎማ አገር ውስጥ ሊባዛ ይችላል። መደርደሩ ራሱ የሙቀት፣ የእርጥበትና የፍጥነት ቁጥጥር ሥራ ነው፤ ትነቱ የሚወሰነው በአየሩ ስለሆነ ለዙሪክ የተጻፈው መመሪያ በድሬ ዳዋ ደረቅ ሙቀት ውስጥ እንዳለ አይሠራም፤ እዚሁ ተለክቶ እንደገና መጻፍ አለበት። ስለዚህ አቅም የለም ከማለት ይልቅ አቅሙ ተበታትኗል ማለቱ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ስሌቱ አንድ ቦታ፣ ኬሚስትሪው ሌላ ቦታ፣ የደም ናሙናውና የጂን ምርመራው በአርማወር ሐንሰን፣ ሕመምተኛው ደግሞ ድሬ ዳዋ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ኢትዮጵያ ናኖ ቴክኖሎጂ ያስፈልጋታል ወይ የሚል አይደለም፤ ሳታውቀው ለዓመታት በሚሊዮን ስትጠቀምበት ኖራለች፣ ገዝታ እንጂ ሠርታ አይደለም። ጥያቄው ወባ የለመድነውን ፕሮቲን ጥሎ ሲያመልጥ ቀጣዩን መመርመሪያ የሚቀርጸው ማን ነው የሚል ነው። ፋራዳይ በጨው ያሳየው፣ የቺካጎ ተመራማሪዎች በቡና ጠብታ ያብራሩት፣ የዙሪክ ሰዎች በፀሐይ ምስል ያረጋገጡት አንድ ነገር ነው፦ ብዙ ወርቅ መጨመር ሳያስፈልግ፣ ያለውን በልኩ በማስቀመጥ ብቻ ሌላ ቁስ ማግኘት ይቻላል። ይህ ለሀብታም አገር የሚያምር ግኝት ነው፤ ብዙ ሕመምተኛና ጥቂት ገንዘብ ላለው አገር ግን ከዚያ በላይ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው የሚያርፈው በማዕድኑ ላይ ሳይሆን በዕውቀቱ ላይ ነው። መጀመሪያ መደረግ ያለበትም ትልቅ ማዕከል መገንባት አይደለም። የወባ ተመራማሪው በሙሉ ደም ላይ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ልክ በቁጥር ይጻፍ፤ የፊዚክስ ባለሙያው ለዚያ ቁጥር የሚበቃውን የቅንጣት ስፋትና ክፍተት ያስላ፤ ኬሚስቱ ያንን ክፍተት በድሬ ዳዋ አየር ደጋግሞ ማግኘት መቻሉን ይፈትሽ። ከሦስቱ አንዱ ካልተሳካ ገንዘቡ ወደ ቧንቧና አጎበር ይሂድ፤ ከተሳካ ግን ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲነሣ የጤና ባለሙያው ሊያነበው የሚችለው መስመር ይኖረዋል።